ለሐኪሙ ያልተነገረው ብልቃጥ

አጣጥ በእስቴ፣ በስማዳና በጋይንት ላደገ ሰው እንግዳ አይደለም። በአጥር ጥግ፣ በገደል አፋፍና በወንዝ ዳር የሚበቅል እሾሃም ቁጥቋጦ ነው። ከብት የጠበቀ ልጅ ሁሉ እሾኩን ያውቀዋል። ከመካነ ኢየሱስ ከተማ ትንሽ ወጣ ያለ መንገደኛም ያልፈዋል እንጂ ቆሞ አያየውም።

የአጣጥ ወገን የሆነ የአንድ ተክል ፍሬ በ1960ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ከኢትዮጵያ ተሰብስቦ ወደ አሜሪካ ተላከ። ዛሬ ከዚያ ፍሬ በተገኘ ንጥረ ነገር ላይ የተመሠረተ መድኃኒት በጡት ካንሰር ለሚሰቃዩ ሴቶች በደም ሥር ይሰጣል። ከፍሬው እስከ መድኃኒቱ ያለው መንገድ ሃምሳ ዓመት ፈጅቷል። ከመካነ ኢየሱስ ተነሥታ ለኬሞ ጎንደር የምትወርድ እናት በነጠላዋ ጠቅልላ የያዘችውን ብልቃጥ ለሐኪሟ ልታሳይ ይገባል ወይስ አይገባም? ለዚህ ጥያቄ ከአጣጥ ታሪክ የተሻለ መልስ ማግኘት ይከብዳል።

ታሪኩ እንዲህ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም በ1960 (እ.ኤ.አ.) ከዓለም ዙሪያ ዕፅዋት እያስሰበሰበ ካንሰርን የሚገድል ነገር የሚፈልግበት ትልቅ መርሐ ግብር ጀመረ። ሰብሳቢዎቹ የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የዕፅዋት ባለሙያዎች ነበሩ። ለጡትና ለማኅፀን እንቁላል ካንሰር በአገራችንም የሚሰጠው ፓክሊታክሰል የተገኘው በዚሁ መርሐ ግብር፣ በ1962 ከተሰበሰበ የአንድ የአሜሪካ ዛፍ ቅርፊት ነው። ከኢትዮጵያ የሄደው ፍሬም በዚያው ሰሞን ተፈጭቶ፣ ተዘፍዝፎና ተጣርቶ በአይጦች ላይ ሲሞከር እጢ ሲያከስም ታየ።

ነገሩን ከተክሉ ነጥሎ ያወጣው ሞሪስ ኩፕቻን የተባለ የኬሚስትሪ ሊቅ ሲሆን ውጤቱን በ1972 አሳተመ። ለንጥረ ነገሩ ሜይታንሲን የሚል ስም ሰጠው። ስሙ የተወሰደው ከተክሉ ሳይንሳዊ ስም ከሜይቴነስ ነው። መጠኑ ግን የሚያሳዝን ነበር። በአንድ ኪሎ ደረቅ ተክል ውስጥ አንድ ሚሊግራም እንኳ አይሞላም። ለሰው ለመሞከር የሚበቃ ለማግኘት ሰብሳቢዎቹ ወደ ኬንያ ተሻግረው፣ በሺምባ ሂልስ ከሚበቅል የዚሁ ተክል ዘመድ 27 ቶን ያህል ጭነው ወሰዱ። ከዚያ ሁሉ ጭነት የወጣው በግራም የሚቆጠር ዱቄት ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር «የእኛ ቅጠል ካንሰር ይገድላል» ብሎ ለሚፎክር ሁሉ ሊነገር የሚገባው ነው። ሜይታንሲን በእርግጥ ካንሰር ይገድላል። ዛሬም ከሚሰጠው ቪንክሪስቲን ከሚባለው የኬሞ መድኃኒት ጋር ሲነጻጸር የካንሰር ሴልን የመግደል ኃይሉ ከመቶ እጥፍ በላይ ነው። በ1970ዎቹ አጋማሽ በሰው ላይ መሞከር ሲጀምር ተስፋው ትልቅ ነበር። ነገር ግን ካንሰሩን ለመግደል የሚበቃው መጠን ሰውየውንም ለመግደል ይቀርብ ነበር። ሕመምተኞቹ አስታወኩ፣ ተቀመጡ፣ አቅም አጡ፣ እጅና እግራቸው ደነዘዘ፣ ጉበታቸው ተነካ። በተለያዩ ሆስፒታሎች በመቶዎች በሚቆጠሩ ሰዎች ላይ ተሞክሮ የሚያረካ ጥቅም ስላልተገኘበት በ1980ዎቹ መጀመሪያ ተተወ። ኩፕቻን ይህን ሳያይ በ1976 ሞቷል።

መርዙ መድኃኒት የሆነው መንገዱ ሲገኝ ነው። የአሜሪካው ኢሚዩኖጄን ኩባንያ ተመራማሪዎች የሜይታንሲንን አንድ ዝርያ የካንሰር ሴልን ለይቶ ከሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ጋር አሰሩት። መርዙ በደም ውስጥ እንደ ታሰረ ይጓዛል፤ የሚፈታው ካንሰሩ ሴል ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። ካድሲላ በሚባል የገበያ ስም የሚታወቀው ይህ መድኃኒት ኸርቱ የተባለ ምልክት ላለበት የጡት ካንሰር በየካቲት 2013 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ፈቃድ አገኘ። 991 ሕመምተኞች በተሳተፉበት ሙከራ መድኃኒቱን የወሰዱት በአማካይ 30.9 ወር ሲኖሩ፣ ቀድሞ የነበረውን ሕክምና የወሰዱት 25.1 ወር ኖረዋል። ከስድስት ወር ያልበለጠ ልዩነት ነው። ለእናት ግን ስድስት ወር ብዙ ነው።

በዚህ ታሪክ የሚቆጨው ሰው ይኖራል፤ ፍሬው የእኛ፣ ትርፉ የሌላ። ቁጭቱ ተገቢ ነው። ኢትዮጵያ የዘረ መል ሀብቷን የሚጠብቅ አዋጅ (ቁጥር 482/1998) ያወጣችው ፍሬው ከሄደ ከአርባ ዓመት በላይ ቆይታ ነው። ያ ክርክር ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል። እዚህ የሚፈለገው ሌላ ነገር ነው። ሃምሳ ዓመቱ ያለቀው መጠኑን በመለካት ነው፤ ስንት ሚሊግራም፣ ለስንት ኪሎ ሰው፣ በስንት ቀን ልዩነት፣ ከየትኛው መድኃኒት ጋር አብሮ፣ ከየትኛው ጋር ሳይሆን።

አንድ ሌላ ነገርም በኋላ ታወቀ። በ1977 የጃፓን ተመራማሪዎች የሜይታንሲንን የቅርብ ዘመዶች በተክል ሳይሆን በባክቴሪያ ውስጥ አገኙ። ዛሬ ለመድኃኒቱ የሚሆነው ጥሬ ዕቃ ከባክቴሪያ እንደ ጠላ ተጠምቆ ነው የሚወጣው። መርዙን የሚሠራው ተክሉ ብቻውን ሳይሆን ሥሩ ውስጥ አብረውት የሚኖሩ ረቂቅ ሕዋሳት መሆናቸውንም ጥናቶች አመልክተዋል። የዚህ ትርጉም ለባህል መድኃኒት ትልቅ ነው። አጣጥ የሚለው ስም ራሱ ብዙ ዝርያዎችን ይይዛል፤ በአንድ አጥር ላይ ጎን ለጎን የበቀሉ ሁለት ቁጥቋጦዎች አንዱ መርዝ የተሸከመ፣ ሌላው ባዶ ሊሆን ይችላል። ቅጠሉ ያው ነው፤ እሾሁም ያው ነው።

የድሮው ሰው ይህን አያውቅም ነበር ማለት ግን ስድብ ነው። ስሙን አያውቀው ይሆናል እንጂ ነገሩን ያውቀው ነበር። ለዚህ ኮሶ ምስክር ነው።

ኮሶ የዱሮ ቤት ሁሉ መድኃኒት ነበር። ጥሬ ሥጋ የሚበላ ሕዝብ ከኮሶ ትል ጋር ይኖራል፤ ከኮሶ ትል ጋር የሚኖር ሕዝብ ኮሶ ይጠጣል። በ1770ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ጎንደር የነበረው ስኮትላንዳዊ ጄምስ ብሩስ ዛፉን ሥዕሉን ጭምር በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ አስገብቶ፣ በወዳጁ በጆሴፍ ባንክስ ስም ሰይሞታል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኮሶ አበባ በመርከብ እየተጫነ አውሮፓ ገብቶ በየአገሩ የመድኃኒት መጽሐፍ ውስጥ ተመዘገበ። የደጋ ዛፍ አበባ በለንደን መድኃኒት ቤት በውድ ዋጋ ይሸጥ ነበር።

እዚህ አገር ግን ኮሶ ሥርዓት ነበረው። የሚጠጣው በባዶ ሆድ ነው። ቀን ይቆረጥለታል፤ በዚያ ቀን ሥራም እንግዳም የለም። ነፍሰ ጡር አትጠጣም፤ ደካማና ሕፃን ይጠነቀቅለታል። የአበባው ሴትና ወንዱ ይለያል፤ መጠኑ በእፍኝ ወይም በዋንጫ ይለካል። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ከባዶ የመጣ አይደለም፤ ከልክ ያለፈ ኮሶ ሲገድል የታየበት አገር ስለሆነ ነው። በ1969 (እ.ኤ.አ.) የኢትዮጵያ ሕክምና መጽሔት ኮሶ ጠጥተው ዓይናቸው ስለተጎዳ ሰዎች ጽፏል። በአበባው ውስጥ ካሉት ንጥረ ነገሮች አንዱ ሳይንሳዊ ስሙ ራሱ ኮሶቶክሲን ነው፤ የኮሶ መርዝ ማለት ነው። ከኮሶ የወጡ ንጥረ ነገሮች በቤተ ሙከራ በካንሰር ሴል ላይም ተሞክረው ኃይል አሳይተዋል። ይህ ደግሞ ለካንሰር ሕመምተኛ ኮሶ ይጠጣ ማለት እንዳልሆነ የሜይታንሲን ታሪክ ይነግረናል። በብርጭቆ ሳህን ላይ ካንሰርን የሚገድል ብዙ ነገር አለ፤ በረኪናም ይገድለዋል።

የኮሶ ጠጪ አንድ ነገር ያውቅ ነበር፤ የሚጠጣው ኃይለኛ ነገር መሆኑን። ዛሬ በስልክ ማስታወቂያ የሚሸጠው ዱቄትና ዘይት ግን «ተፈጥሯዊ ስለሆነ ጉዳት የለውም» የሚል ጽሑፍ ይዞ ይመጣል። ይህ አባባል ከባህል የመጣ አይደለም። የገበያ ቃል ነው።

ባህሉ የራሱ ችግር አልነበረውም ማለት አይደለም። ትልቁ ችግሩ ምስጢር ነው። ይህ አካባቢ የሊቃውንት አገር ነው፤ የድጓ ምስክር የሆነችው ቤተልሔም፣ የዝማሬ መዋሥዕቱ ዙር አምባ የጋይንት ናቸው። ከቅኔውና ከዜማው ጎን ለጎን የዕፅ እውቀት በብራና እየተጻፈ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር ይተላለፍ ነበር። ፖላንዳዊው ስቴፋን ስትሬልሲን ከእነዚህ የመድኃኒት ጽሑፎች የተወሰኑትን ሰብስቦ በ1968 (እ.ኤ.አ.) በዋርሶ አሳትሟቸዋል። ስንት ሺህ ገጽ ከአዋቂው ጋር ተቀብሮ እንደ ቀረ የሚቆጥር የለም። ቅጠሉ ተወቅጦ ዱቄት የሚሆነው ለመጠጥ እንዲመች ብቻ አይደለም፤ የሚያየው ሰው እንዳይለየውም ነው። ስሙ ከተጠራ ኃይሉ ይጠፋል የሚል እምነት በብዙ ቦታ አለ። አዋቂው በምስጢሩ እንጀራውን ይጠብቅበታል፤ ራሱንም ይጠብቅበታል። «ሥር ማሽ፣ ቅጠል በጣሽ» እየተባለ ሲሰደብ፣ አንዳንዴም በአስማተኛነት ሲታማ የኖረ ሰው ሥራውን አደባባይ ባያወጣ አይፈረድበትም።

ችግሩ ምስጢሩ ወደ ታካሚው መተላለፉ ነው። መድኃኒት አዋቂው ለታካሚዋ «ለማንም እንዳትነግሪ» ይላታል። እሷም ለሐኪሙ አትነግረውም።

መካነ ኢየሱስ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል አላት። የካንሰር ሕክምና ግን እዚያ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ጡቷ ላይ እብጠት ያየች የእስቴ ሴት ወደ ደብረ ታቦር፣ ከዚያም ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ ጎንደር ትላካለች። ጨረር ካስፈለጋት ጉዞው ለብዙ ዓመታት አዲስ አበባ ድረስ ነበር። በኢትዮጵያ የጨረር ሕክምና የተጀመረው በ1997 (እ.ኤ.አ.) በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በአንድ የኮባልት ማሽን ሲሆን፣ ከሃያ ዓመት በላይ ለመላው አገሪቱ ሌላ የመንግሥት ማዕከል አልነበረም። ወረፋው በቀን ሳይሆን በወር ይቆጠር ነበር። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በክልሉ በተፈጠረው ግጭት መንገድ በተዘጋ ቁጥር ቀጠሮ ያልፋል።

ያ የመጠበቂያ ጊዜ ባዶ አይሆንም። ዘመድ ይጠይቃል፤ ጎረቤት ይመክራል። «እገሌ ያቺን ጠጥቶ ዳነ» የሚል ወሬ ይመጣል። ከአዲስ አበባ ጥቁር አዝሙድ ዘይት ይላካል፤ ከአሜሪካ ያለች እህት በሻንጣ ቫይታሚን ታስልካለች፤ ከገጠር ዱቄቱ በጨርቅ ተቋጥሮ ይደርሳል። ወረፋው ደርሶ ኬሞው ሲጀመር እነዚህ ሁሉ አብረው ይቀጥላሉ። የሚያቋርጣቸው ማን ነው? ያዘዛቸውም የለም።

ይህ ግምት አይደለም። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ኬሞ ይወስዱ የነበሩ 195 ሕመምተኞች ተጠይቀው በ2016 (እ.ኤ.አ.) በታተመ ጥናት፣ ከመቶው 79ኙ ከሆስፒታሉ ሕክምና ውጭ ሌላ ነገር ይጠቀማሉ፤ በብዛት የተጠቀሰውም የዕፅ መድኃኒት ነው። ከእነዚህ አብዛኞቹ ለሐኪማቸው አልተናገሩም። የእስቴ ሕመምተኛ የምትሄደው ወደዚሁ ሆስፒታል ነው።

በኬሞና በብልቃጡ መካከል ያለው ጠብ በአብዛኛው የሚካሄደው ጉበት ውስጥ ነው። የምንውጠውን መድኃኒት የሚያብላላው፣ የሚቀይረውና የሚያስወጣው ጉበት ነው። ለዚህ ሥራ የተመደቡ ኢንዛይሞች አሉት፤ ቁጥራቸው ግን የተወሰነ ነው። አንድ ቅጠል እነዚህን ኢንዛይሞች ቢያነቃቸው ኬሞው ሥራውን ሳይሠራ ተጠርጎ ይወጣል። ቢያደክማቸው ኬሞው በደም ውስጥ ተከማችቶ መርዝ ይሆናል። ሁለቱም ከውጭ አይታዩም። ሕመምተኛዋ «ኬሞው አልያዘልኝም» ወይም «ኬሞው ከበደኝ» ትላለች፤ ሐኪሙም የሚያምናት በዚያው ነው። ቀጣዩን መጠን የሚወስነውም በዚያው ነው።

ሁለተኛው ዓይነት ግጭት የታወቀው በአጋጣሚ ነው። በ1989 (እ.ኤ.አ.) በካናዳ ዴቪድ ቤይሊ የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ የአልኮልን ጣዕም ለመደበቅ ብለው ለተሞካሪዎች የግሬፕፍሩት ጭማቂ ሰጡ። የሚሞክሩት የደም ግፊት ክኒን ግን በደም ውስጥ ከሚጠበቀው በብዙ እጥፍ ከፍ ብሎ ተገኘ። ተጠያቂዎቹ በፍሬው ውስጥ ያሉ ፉራኖኩማሪን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች ናቸው። በቡና ላይ ጣል የምናደርጋት ጤና አዳም የዚህ ወገን ንጥረ ነገሮች አሏት። አንድ ቀንበጥ በሲኒ ቡና ላይ ማድረግ ሌላ፣ እፍኝ ሙሉ ጨምቆ በየቀኑ መጠጣት ሌላ ነው። መድኃኒት የሚሆነውም መርዝ የሚሆነውም በዚያ ልዩነት ውስጥ ነው።

የመጀመሪያው ዓይነት ደግሞ በካንሰር ሕመምተኞች ላይ በቀጥታ ተለክቷል። በአውሮፓ ለድብርት የሚጠጣ፣ የእኛ የአሜጃ ዘመድ የሆነ አንድ ቅጠል አለ። በ2002 በታተመ የኔዘርላንድ ጥናት አይሪኖቴካን የሚባል ኬሞ የሚወስዱ አምስት ሰዎች ይህን ቅጠል አብረው ሲወስዱ፣ ካንሰሩን የሚገድለው ንጥረ ነገር በደማቸው ውስጥ በ42 በመቶ ቀነሰ። ግማሽ ያህሉ ኬሞ በከንቱ ፈሰሰ ማለት ነው። ጥማድ በሬውን ሸጦ ኬሞ የገዛ ሰው ይህን ቁጥር ቆም ብሎ ሊያስበው ይገባል።

ከጉበት ውጭም አደጋ አለ። ኬሞ ከተሰጠ በኋላ ባሉት ሳምንታት ደም የሚያረጉት ሴሎች ይቀንሳሉ፤ በዚያ ሰሞን በብዛት የሚወሰድ የነጭ ሽንኩርት ክኒን ደም እንዳይረጋ ያግዛል። ነጭ የደም ሴልም ይወርዳል፤ በጥሬው ተበጥብጦ ያደረ ቅጠል ለጤነኛ ሰው ምንም ባይሆን ለእሷ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። ሽንኩርት በወጥ፣ ዝንጅብል በሻይ፣ ፌጦ በእንጀራ ግን ምግብ ናቸው። ሕመምተኛን ከምግቧ ሁሉ ማስፈራራት በራሱ ጉዳት ነው፤ በረሃብ የደከመ ሰውነት ኬሞ አይችልምና።

ቅጠሉን ሲሰሙ «ይኼ የገጠሩ ነው» የሚሉ የከተማ አንባቢዎች ይኖራሉ። የቫይታሚኑ ታሪክ ለእነሱ ነው። ላይነስ ፖሊንግ ሁለት ጊዜ ኖቤል የተሸለመ ሊቅ ነበር። በ1976 (እ.ኤ.አ.) ከስኮትላንዳዊ ሐኪም ጋር ሆኖ ብዙ ቫይታሚን ሲ የካንሰር ሕመምተኛን ዕድሜ ያራዝማል ብሎ ጻፈ። ዓለም አመነው። በ1979 እና በ1985 በአሜሪካ ማዮ ክሊኒክ በዕጣ ተከፍለው በተሞከሩ ሕመምተኞች ላይ ግን ከባዶ ክኒን የተለየ ጥቅም አልታየም። በፊንላንድ ደግሞ 29,133 አጫሽ ወንዶች በተሳተፉበት ጥናት፣ ካሮት ውስጥ ያለውን ቤታ ካሮቲን በክኒን የወሰዱት የሳንባ ካንሰር በ18 በመቶ በዛባቸው። ውጤቱ በ1994 ሲወጣ ያላመነ ብዙ ነበር። ተመሳሳይ የአሜሪካ ሙከራ በ1996 በዚሁ ምክንያት ከጊዜው በፊት ተቋረጠ።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው በ2020 የታተመው ነው። 1,134 የጡት ካንሰር ሕመምተኞችን የተከታተለ የአሜሪካ ጥናት፣ ከኬሞ በፊትና በኬሞ ጊዜ ቫይታሚን ቢ 12 በክኒን የወሰዱት ካንሰሩ የመመለሱና የመሞታቸው ዕድል ከፍ ብሎ አግኝቶታል። በኬሞ ጊዜ አይረን የወሰዱትም ካንሰሩ የመመለሱ ዕድል ከፍ ያለ ነበር። ጥናቱ የክትትል ስለሆነ ክኒኑ ራሱ አጥፊ ነው ብሎ አይደመድምም። ነገር ግን በአገራችን «ደሜ አንሷል» ያለች ሴት ሁሉ ሳትመረመር የምትገዛው አይረን መሆኑን ስናስብ፣ በኬሞ ላይ ያለች ሴት ሐኪሟ ሳያዝላት ልትወስደው እንደማይገባ ይበቃል።

ክኒኑ ከአሜሪካ መምጣቱ ዋስትና ተደርጎ ይታያል። የ1994ቱ የአሜሪካ ሕግ ግን ሰፕሊመንት የሚሸጥ ድርጅት ከመሸጡ በፊት ደኅንነቱንም ሆነ ጥቅሙን ለመንግሥት እንዲያረጋግጥ አያስገድደውም። በእኛ አገር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ምግብንና መድኃኒትን የመቆጣጠር ሥልጣን ለኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሰጥቷል። በሻንጣ የገባውን ጠርሙስና በቴሌግራም ታዝዞ በሞተር የሚደርሰውን ዱቄት ግን የትኛው ተቆጣጣሪ ያየዋል?

ጥፋቱን ሁሉ በታካሚና በነጋዴ ላይ መጫን ቀላል ነው። ሐኪሙስ ጠይቋል? በተጨናነቀ ክፍል፣ ወረፋ በበር ላይ ተሰልፎ «የባህል መድኃኒት ይወስዳሉ እንዴ?» ተብሎ በቁጣ ድምፅ ሲጠየቅ መልሱ የታወቀ ነው። «ኧረ የለም ዶክተር!» አበሻ በታላቅ ፊት አይከራከርም፤ አንገቱን ደፍቶ ይክዳል እንጂ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላል ተረቱ። እዚህ ግን በሽታው በካርድ ላይ በግልጽ ተጽፎ፣ የሚደበቀው መድኃኒቱ ሆኗል። እንዲደበቅ ያደረገው ደግሞ በከፊል ነጭ ጋውን ለባሹ ነው።

ይህች አገር ተመሳሳይ ችግር ገጥሟት መላ አግኝታለች። የኤችአይቪ መድኃኒት በስፋት መሰጠት በጀመረበት ዘመን ብዙ ሰው እንጦጦ ጠበል ገብቶ መድኃኒቱን ያቋርጥ ነበር። በ2007 (እ.ኤ.አ.) ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉና መድኃኒቱ አብረው እንዲሄዱ፣ መድኃኒት መውሰድ ኃጢአት እንዳልሆነ በይፋ ተናገሩ። ሰዉን ከጠበሉ ለማስወጣት ከመሞከር ይልቅ መድኃኒቱን ወደ ጠበሉ መውሰድ ተቻለ። ልዩነቱ ጠበል ከክኒን ጋር ጉበት ውስጥ አይጣላም፤ ቅጠል ይጣላል። ስለዚህ በካንሰሩ ጉዳይ «አብረው ይሂዱ» የሚል ፈቃድ ብቻ አይበቃም፤ የትኛው ከየትኛው ጋር የሚለው መታወቅ አለበት። ለዚያ ደግሞ መጀመሪያ ብልቃጡ ጠረጴዛ ላይ መውጣት አለበት።

ሆስፒታሎቹ ያለ ብዙ ወጪ ሊያደርጉት የሚችሉት ነገር አለ። በቀጠሮ ካርዱ ላይ «የሚወስዱትን ሁሉ ይዘው ይምጡ፤ ቅጠሉንም፣ ዘይቱንም፣ ክኒኑንም» ብሎ በአማርኛ መጻፍ። ኬሞ የሚያዘጋጀው ፋርማሲስት ቁጣ በሌለበት ድምፅ እንዲጠይቅ ማድረግ። የእስቴና የስማዳ መድኃኒት አዋቂዎችም ቢሆኑ ሆስፒታል የጀመረን ሰው «ኬሞህን ጨርስና ና» ብለው ቢመልሱ ክብራቸው አይቀንስም። ኮሶ ያጠጡ የነበሩት አባቶቻቸው ለደካማ ሰው ቀን ያራዝሙ ነበር።

ወደ አጣጥ እንመለስ። ካድሲላ ዋጋው እጅግ ውድ በመሆኑ ለአብዛኛው የአገራችን ሕመምተኛ የሚደረስ አይደለም። የመድኃኒቱ መግለጫ ግን ሁለት ማስጠንቀቂያ ይዟል። አንደኛው በጉበት ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት በጉልህ የተጻፈው ነው። ሁለተኛው በውስጡ ያለው የሜይታንሲን ዝርያ የሚብላላው ግሬፕፍሩት በሚያደክመው በዚያው ኢንዛይም ስለሆነ፣ ኢንዛይሙን በኃይል ከሚያግዱ መድኃኒቶች ጋር አብሮ እንዳይሰጥ የሚለው ነው። ከአጣጥ ወገን የወጣው መድኃኒት ራሱ ሌላ ነገር ሲጠጣበት አይወድም።

በ1960ዎቹ ከኢትዮጵያ የሄዱት የዕፅዋት ናሙናዎች ባዶ ሆነው አልሄዱም። የዕፅዋት ሰብሳቢ ሥርዓት የተክሉን ስም፣ የተሰበሰበበትን ቦታ፣ ቀኑን፣ ፍሬ ይሁን ቅርፊት የሚገልጽ ወረቀት ከናሙናው ጋር ማሰር ነው። የኢትዮጵያው ተክል ስሙ በኋላ በሊቃውንት ሲታረም እንኳ የትኛው እንደ ነበር መለየት የተቻለው በዚህ ሥርዓት ነው። እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠራ ቦታ እኛም ዘንድ አለ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው ብሔራዊ ሄርባርየም በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ የአገሪቱን ዕፅዋት በየስማቸው አድርቆ አስቀምጧል፤ በጋዜጣ መሃል ተዘርግቶ የደረቀ አንድ ቅርንጫፍ ከነቅጠሉና ከነአበባው ቢቀርብለት ምን እንደሆነ የሚናገር ባለሙያ አለው። ተወቅጦ በብልቃጥ የመጣ ዱቄት ሲሆን ግን ለዚያ ባለሙያም ከባድ ነው።